ወንድሜን የቤተሰብ ፎቶ ውስጥ አስገባሁት፣ ግን የተለጠፈ መሆኑ ያስታውቃል። ጥላው ላይ ምን እየሳትኩ ነው?

ሰማያዊ_ብዕር

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ፎቶ ላይ ተቀምጬ አልሆን ስላለኝ ነው የመጣሁት። ሁላችንም ያለንበት የቤተሰብ ፎቶ አለ፣ ታላቅ ወንድሜ ብቻ የለበትም። ያኔ ሩቅ ነበር። እናቴ ፎቶውን ባየች ቁጥር «እሱ ቢኖርበት ኖሮ» ትላለች። የቤቱ ኮምፒውተር አዋቂ ተብዬዋ እኔ ስለሆንኩ «አስገባዋለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ። አሁን ማጠፊያው አጠረኝ።

የቤተሰቡ ፎቶ ውጭ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ማምሻው የተነሳ ነው። ፀሐይዋ ከኋላ በግራ በኩል ናት። የሁላችንም ጥላ ረዘም ብሎ ወደ ቀኝ፣ ወደ ካሜራው ወድቋል። የወንድሜ ፎቶ ግን ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ ቆሞ የተነሳው ነው። ጥራቱ ጥሩ ነው፣ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ ይታያል፣ ሙሉ ቁመቱ የሚታይበት ሌላ ፎቶም የለኝም። በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም በፔን ቱል ዙሪያውን ቆረጥኩት፣ ፀጉሩን ለብቻ በማስክ (የቱ እንደሚታይ የቱ እንደሚደበቅ በሚወስነው ሽፋን) ሠራሁት፣ ከዛ ቀኝ ዳር ላይ ከአክስቴ ቀጥሎ፣ ከሷ ግማሽ እርምጃ ወደፊት አቆምኩት።

መጀመሪያ ድሮፕ ሻዶ (ፕሮግራሙ ራሱ የሚጥለውን ጥላ) ሰጠሁት። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርቶን መሰለ። ቀጥሎ እሱኑ ኮፒ አድርጌ ጥቁር ሞላሁት፣ በዲስቶርት መሬት ላይ አስተኛሁት፣ ኦፓሲቲውን (ድፍንነቱን) 50 በመቶ አደረግኩ፣ ብለር (ማደብዘዣ) ጨመርኩ። ከበፊቱ ይሻላል። ግን ወንድሜ መሬት የረገጠ አይመስልም፣ ተንሳፏል። እህቴ ገና እንዳየችው «ስቲከር!» ብላ ሳቀችብኝ። ጥላው ላይ ምን እየሳትኩ ነው?


ዝም_ብዬ_አንባቢ

ብለሩን ጨምሪና ኦፓሲቲውን 30 አድርጊው። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው፣ ማንም ነቅቶብኝ አያውቅም።


ጨለማ_ክፍል

ነቅተውብሃል ወዳጄ፣ አልነገሩህም እንጂ።

ሰማያዊ_ብዕር፣ ለጊዜው ጥላውን ተይው። ግማሹ ችግር ያለው ጥላው ላይ ሳይሆን ወንድምሽ ላይ ነው። ሰው «ተለጥፏል» የሚለው ፊቱና ጥላው የተለያየ ወሬ ሲያወሩበት ነው። ጥላው «ፀሐይ ከኋላ በግራ ናት» እያለ ፊቱ «እኔ ጋ መስኮት አለ» ካለ፣ ተመልካቹ ለምን እንደሆነ ባያውቅም አልዋጥ ይለዋል። ያንን ጥላ የፈለግሽውን ያህል ብታለሰልሺው ፊቱን ዝም አያሰኘውም።

ግን እድለኛ ነሽ። ፀሐይዋ ከኋላ ስለሆነች የሌሎቻችሁም ፊት ጥላ ውስጥ ነው ያለው። ፊታችሁን እያበራ ያለው ሰማዩና ከሲሚንቶው ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ነው፣ እሱ ደግሞ ለስላሳ ነው፣ ከመስኮት ብርሃን ጋር ይቀራረባል። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ብትመታችሁ ኖሮ፣ ሌላ ፎቶ ፈልጊ ብዬ እዚሁ እሰናበትሽ ነበር። ከባድ ፀሐይ መሃል የመስኮት ፊት ማስገባት ከንቱ ልፋት ነው።

መስኮቱ በየት በኩል እንደነበረ አልነገርሽንም። በፎቶው ቀኝ በኩል ከሆነ አግድም ገልብጪው። ስትገለብጪ ግን የፀጉሩን ክፍፍል፣ የእጅ ሰዓቱን፣ የሸሚዙን ኪስ፣ ልብሱ ላይ ጽሑፍ ካለም እሱን እዪ። እናት ደግሞ የልጇ ፊት ሲገለበጥ ይገባታል። ምን እንደሆነ አትነግርሽም፣ «ትንሽ ከስቷል እንዴ?» ብቻ ነው የምትልሽ።

ቀጥሎ የሌሎቹን በፎቶው ግራ በኩል ያለ ጎን አጉልተሽ እዪ። በዛ በኩል ያለው ጆሯቸው፣ ትከሻቸውና የፀጉራቸው ጫፍ ላይ ቀጭን፣ ሞቅ ያለ የብርሃን መስመር ይኖራል። የፀሐይዋ ጠርዝ ነው። ወንድምሽ ላይ የለም፣ ምክንያቱም ቤት ውስጥ ነበር። ከሱ ሌየር (የምስል ንብርብር) በላይ ከርቭስ (የብርሃንና የቀለም ማስተካከያ) ክፈቺ፣ ለሱ ብቻ እንዲሠራ ክሊፕ አድርጊው፣ በደንብ አብሪው፣ ቀዩን ከፍ ሰማያዊውን ዝቅ አድርጊ። ማስኩን በጥቁር ሙዪውና በቀጭን ነጭ ብሩሽ በፎቶው ግራ በኩል ያለውን ጠርዙን ብቻ ንኪ። ነጭ ቀለም በቀጥታ አትቀቢ፣ የጨርቁን ሸካራነት ይደፍነዋል። ከርቭስ ግን ያለውን ክር ነው የሚያበራው። ፀጉር ላይ ስትደርሺ እጅሽን ሰብስቢ፣ ትንሽ ከበዛ ራሱ ላይ ኒዮን የተጠመጠመ ይመስላል።

አንድ ጥያቄ። ቤት ውስጥ አምፖል በርቶ ነበር? የቀን ፀሐይ ብርሃን በግምት 5500 ኬልቪን ነው (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ወደ ሰማያዊ ይሄዳል)፣ ቢጫው የድሮ ዓይነት አምፖል ከ2700 እስከ 3200 አካባቢ። ሰማይ ብቻ የሚያበራው ጥላ ደግሞ 7000 እና ከዛ በላይ ይሄዳል። መስኮትና አምፖል ተደባልቀው ከሆነ የፊቱ አንዱ ጎን ሰማያዊ ሌላው ቢጫ ነው፣ አንድ ዋይት ባላንስ (የብርሃን ቀለም ማስተካከያ) ሁለቱንም አይፈታም። በማስክ ለየብቻ ነው የሚስተካከለው።


ሰማያዊ_ብዕር

መስኮቱ በፎቶው ቀኝ ነበር! አምፖሉ ጠፍቶ ነበር፣ ተመስገን። ገለበጥኩት። ኪስ የሌለው ቲሸርት ነው፣ ጽሑፍም የለበትም። ያልሽው/ያልከው ሳይሠራ ገና በመገልበጡ ብቻ ግማሽ መንገድ የሄደ መሰለኝ። የጠርዙን ብርሃን ዛሬ ማታ እሞክረዋለሁ። መንሳፈፉ ግን እንዳለ ነው።


ጨለማ_ክፍል

ያልከው። መንሳፈፉን አሁን እንይ።

ሰው መሬት መርገጡን የሚነግረን ረጅሙ ጥላ አይደለም። እግሩ ሥር ያለችው ቀጭን ጥቁር መስመር ናት። ስልክሽን አሁን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና ጠርዙን ተጠግተሽ እዪው። ስልኩና ጠረጴዛው የሚነካኩበት ቦታ ላይ ክር የምታክል በጣም ጥቁር መስመር አለች። አሁን አንዱን ጫፍ በጣትሽ ትንሽ ብድግ አድርጊው። መስመሯ ትሰፋለች፣ ትገረጣለች፣ ጠርዟ ይሟሟል። ጫማም እንደዛው ነው። ሲሚንቶውን የነካው የሶሉ ክፍል ሥር ጥቁር፣ ትንሽ ብድግ ያለው የጣቱ ጫፍ ሥር ፈዘዝ ያለ። ይሄ ጥላ ከፀሐይ አቅጣጫ ጋር ብዙም ጉዳይ የለውም፣ ብርሃን ከየትም በኩል ሊገባበት የማይችል ስንጥቅ ስለሆነ ነው የጨለመው። ስለዚህ ረጅሙ ጥላ ውስጥ አትደባልቂው። ለብቻው ሌየር ላይ፣ መልቲፕላይ (ከሥሩ ያለውን የሚያጨልም አደራረብ) አድርገሽ፣ በትንሽ ብሩሽ በእጅሽ ሳዪው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። መንሳፈፉን የሚገድለው እሱ ነው።

እጁ ጎኑን የነካበት፣ አገጩ ሥር፣ የቲሸርቱ አንገት ሥር ያለውንም እንደዛው ትንሽ ብታጠልቂው አይጎዳም፣ ግን እሱ የመስኮቱ ፎቶ ላይ ቀድሞውንም ይኖራል።


ፒክስል_ነቃሽ

ረጅሙን ጥላ ለኔ ተዉልኝ፣ እሱ ላይ ነው ሁሉም ሰው የሚወድቀው።

አንደኛ ነገር ጥቁር ሞልተሽ ኦፓሲቲ 50 ያልሽውን አጥፊው። ጥላ ጥቁር ቀለም አይደለም። ጥላ ማለት ፀሐይዋ ተቀንሳ ሰማዩ የቀረበት ቦታ ነው። ሰማዩ ሰማያዊ ስለሆነ ጥላ ውስጥ ያለው ሲሚንቶ ከፀሐዩ ሲሚንቶ ይልቅ ይጨልማል ብቻ ሳይሆን ይሰማያዋልም። አንቺ ጥቁር ስትደርቢበት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊው እኩል ይወርዳሉ፣ ውጤቱ ጥቀርሻ ነው። አታምኚኝም ካልሽ የቀለም መልቀሚያውን ያዢና መጀመሪያ ፀሐይ ያለበትን ሲሚንቶ ጠቅ አድርጊ፣ ቀጥሎ የአክስትሽን ጥላ ውስጥ ያለውን። ሦስቱን ቁጥሮች አወዳድሪ። ከሁሉም በላይ የወረደው ቀዩ ይሆናል።

ስለዚህ በጥቁር ሙሌት ፈንታ ከርቭስ ክፈቺ፣ ፀሐይ ያለበትን ሲሚንቶ ቁጥር ወደ ጥላው ቁጥር እስኪመጣልሽ ድረስ እያንዳንዱን ቀለም ለየብቻ አውርጂ። ቀዩን ብዙ፣ ሰማያዊውን ትንሽ። ከዛ ማስኩን የጥላው ቅርጽ አድርጊው። የሲሚንቶው ስንጥቅ፣ ጠጠሩ፣ ሁሉም ከጥላው ሥር እንዳለ ይቀራል። ኦፓሲቲው 30 ይሁን 50 ይሁን የሚለው ጭቅጭቅም እዛው ያበቃል፣ መልሱ ፎቶው ውስጥ ስላለ። (ዝም_ብዬ_አንባቢ፣ አንተን ማለቴ አይደለም። ማለት ነው እንጂ።)

ሁለተኛው ብለሩ ነው። ሙሉውን ጥላ እኩል ብለር አድርገሽው ከሆነ ስህተቱ እሱ ነው። ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፣ ሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት አላት። በዛ ምክንያት ጥላው ከጣለው ነገር በራቀ በያንዳንዱ 1 ሜትር ጠርዙ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሟሟል። እንግዲህ አስቢው፣ 1.70 የሚረዝም ሰው፣ ፀሐይዋ 30 ዲግሪ ላይ ስትሆን ጥላው 3 ሜትር አካባቢ ይረዝማል። የጭንቅላቱ ጥላ ከጭንቅላቱ 3.4 ሜትር ስለሚርቅ ጠርዙ 3 ሴንቲ ያህል ይደበዝዛል። ቁርጭምጭሚቱ ጋ ያለው ጥላ ግን እንደ ምላጭ ነው። በግሬዲየንት ማስክ ከእግር ወደ ራስ እየጨመረ የሚሄድ ብለር ስጪው፣ መጠኑን ከአክስትሽ ጥላ ጋር እያስተያየሽ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የወንድምሽ ጥላና የሌላ ሰው ጥላ ከተደራረቡ መደራረቢያው ላይ አይጨልምም። ፀሐይዋ አንዴ ተከልላለች፣ ሁለቴ አትከለልም። መልቲፕላይ የተደረጉ ሁለት ጥላዎች ሲገናኙ መሃላቸው ላይ የሚወጣው ጠቆር ያለ ቅርጽ ካለ ማንም ባለሙያ ከሩቅ ያየዋል። የአክስትሽ ጥላ ያለበትን ቦታ ከወንድምሽ ጥላ ማስክ ላይ ቀንሺው።


ካሜራ_ጀርባ

ሁላችሁም ትክክል ናችሁ፣ ግን ቅርጹንና አቅጣጫውን ረሳችሁት።

ከጀርባ በምትመጣ ፀሐይ የሰዎች ጥላ ፎቶ ላይ ጎን ለጎን እኩል አይሄድም። እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። ከሁለት ሰዎች ጥላ ላይ መስመር ጎትቺ፣ ከራስ ጥላቸው በእግራቸው በኩል አሳልፈሽ ወደ ኋላ። መስመሮቹ አድማሱ ላይ አንድ ቦታ ይገናኛሉ፣ በቀጥታ ከፀሐይዋ ሥር። ፀሐይዋ ከፍሬሙ ውጭ ስለሆነች ሸራውን ወደ ግራ ማስፋት ይኖርብሻል። የወንድምሽ ጥላም ከዛው ነጥብ ተነስቶ በእግሩ በኩል ማለፍ አለበት። ቀኝ ዳር ስላቆምሽው ከሁሉም የበለጠ የተጋደመው የሱ ነው። የአክስትሽን ጥላ አቅጣጫ ቀድተሽለት ከሆነ ያ ነው አንድ ነገር የጎረበጠሽ።

ቅርጹ ደግሞ ፀሐይዋ የምታየው ቅርጽ ነው እንጂ ካሜራው የሚያየው አይደለም። ኮፒ አድርገሽ ያስተኛሽው ጥላ ወንድምሽን ከፊት እንዳየነው ነው። ፀሐይዋ ግን ሰያፍ ከኋላው ናት፣ ትከሻው ጠበብ ብሎ ነው የሚታያት፣ እግሮቹም ሊጋረዱ ይችላሉ። ያለኝ ምክር፣ ፎቶው ውስጥ በአቋቋም የሚመስለው ሰው ካለ የሱን ጥላ ተበደሪ። ቅርጹን ብቻ፣ ለማስክ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቁመቱን እንዴት ወሰንሽ? በዓይን ግምት? ወለሉ ደልዳላ ከሆነና ፎቶው በቆመ ሰው ዓይን ከፍታ ላይ ከተነሳ፣ አድማሱ የቅርቡንም የሩቁንም ሰው ዓይን አካባቢ ነው የሚቆርጠው። ካሜራው ደረት ላይ ከነበረ ሁሉንም ደረታቸው ላይ። ወንድምሽን እዛው መስመር ላይ አስቀምጪና ከዛ ነው እግሩ የት እንደሚያርፍ የምታዪው። ብዙ ጊዜ ሰው መንሳፈፍ የሚመስለው ጥላ ስለሌለው ሳይሆን፣ ለቆመበት ቦታ ከሚገባው በላይ ትልቅ ወይም ትንሽ ስለሆነ ነው።

እና የወንድምሽ ፎቶ ከምን ያህል ርቀት ነው የተነሳው? ጠባብ ክፍል ውስጥ በስልክ ከሆነ ከቅርብ ነው፣ ከላይ ወደታች ያየዋል፣ ጭንቅላቱ ተልቆ እግሩ አንሶ ይወጣል። ይሄን ምንም ከርቭስ አይመልሰውም።


ሰማያዊ_ብዕር

ጭንቅላቱ ትንሽ ትልቅ ነው ግን በተፈጥሮውም እንደዛ ነው ሃሃ። ፎቶውን ያነሳሁት እኔው ነኝ፣ ከኮሪደሩ ሆኜ ስለነበር ራቅ ብያለሁ።

መስመሮቹን ጎተትኩ። በእውነት ደነገጥኩ። የኔ ጥላ ከሌሎቹ ጋር ሊገናኝ ይቅርና ወደ ሌላ ፀሐይ ነው የሚሄደው።


የድሮ_ሰው

ዝም ብላችሁ ስትሠሩ አይቼ ልለፍ ብዬ ነበር። ያልነበረን ሰው ነበረ ብሎ ፎቶ ማውጣት ማጭበርበር አይሆንም? ድሮ ፎቶ ፎቶ ነበር።


ጨለማ_ክፍል

የቱ ድሮ? ኦስካር ሬይላንደር በ1857 እ.ኤ.አ. ከ30 በላይ ኔጋቲቮች አገጣጥሞ አንድ ትልቅ ፎቶ አትሟል። በዓመቱ ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን በ5 ኔጋቲቮች የራሱን ሠራ። ያኔም ሰው ተቆጥቶ ነበር። ለዜና ወይም ለማስረጃ ቢሆን ካንተ ጋር እቆማለሁ። ይሄ ግን ሳሎን የሚሰቀል የእናት ፎቶ ነው፣ እናትየዋም ልጇ እንዳልነበረ ታውቃለች።


ፒክስል_ነቃሽ

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ወንድምሽ ከአክስትሽ ግማሽ እርምጃ ወደፊት ነው ብለሻል። ፀሐይዋ ከግራ ከኋላ ከሆነች የአክስትሽ ጥላ የሚያልፈው በሱ ላይ ነው። አሁን ፎቶው ላይ የአክስትሽ ጥላ ሲሚንቶው ላይ ሄዶ ሄዶ ወንድምሽ ጫማ ጋ ሲደርስ በስተኋላው ይጠፋል፣ አይደል? በእውነት ቆሞ ቢሆን ጥላው እግሩን ይዞ ወደ ላይ ይወጣ ነበር፣ ሱሪው ላይ። ያ ማለት ደግሞ የምትሠሪው የጠርዝ ብርሃን ከጥላው በታች ያለው እግሩ ላይ መኖር የለበትም። ወይ እሱን ሥሪ፣ ወይ ትንሽ ወደ ቀኝ ገፍተሽ ከጥላው አውጪው። እኔ ብሆን እሠራዋለሁ። ሌሎች ሰዎች የጣሉት ጥላ ሲያርፍበት ነው ሰው እዛ ቦታ የነበረ የሚመስለው።


ዝም_ብዬ_አንባቢ

እሺ እኔ 30 ኦፓሲቲዬን ይዤ ዞር ብያለሁ። ግን አንዲት ነገር ላዋጣ። ሁሉን ስትጨርሺ ከሁሉም በላይ ጥቁርና ነጭ የሚያደርግ ሌየር ለጊዜው ጣዪበት። ቀለም ሲጠፋ የወንድምሽ ጥቁር ከሌሎቹ ጥቁር ይለይ እንደሆነ ወዲያው ይታያል። ከዛ ፎቶውን አሳንሰሽ ቴምብር አድርገሽ እዪው። በዛ መጠንም ዓይንሽ ቀድሞ እሱ ላይ ካረፈ ገና ነው። ኖይዙንም (የምስሉን ሸካራ ነጠብጣብ) እንዳትረሺ፣ የሱ ፎቶ ንጹህ የነሱ ሸካራ ከሆነ ትንሽ ግሬይን ስጪው።


ጨለማ_ክፍል

ለካ ታውቃለህ።


ሰማያዊ_ብዕር

ተመልሻለሁ። አራት ማታ ፈጀብኝ።

የእግሩ ሥር መስመር እንዳላችሁት ነው። ሌላው ሁሉ ሳይሠራ እሷን ብቻ ስስል ወንድሜ «ዱብ» ብሎ መሬት የነካ ነው የመሰለኝ። ከርቭሱ ላይ ቀዩ በጣም ነው የወረደው፣ እኔ ደፍሬ ያን ያህል አላወርደውም ነበር። የጥላውን ቅርጽ ከአክስቴ ባል ተበደርኩ። ሆዱን ግን በማስክ ቀነስኩለት። የአክስቴ ጥላ ወንድሜ ሱሪ ላይ እንዲወጣ ማድረጉ ከሁሉም ከባድ ነበር፣ ጉልበቱ ጋ ሲደርስ መታጠፍ አለበት፣ ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ጀመርኩት። እህቴን ጠርቼ «አሁንስ?» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «አክስቴ ጋረደችው እኮ» አለች። ያኔ ተሳካልኝ አልኩ።

ከዛ አሳትሜ ለእናቴ ሰጠኋት። መነጽሯን አደረገች። ብዙ አየችው። ፊቱን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። ጥላ የለ፣ ጠርዝ የለ፣ ምንም አላለችም። መጨረሻ ላይ እግሩ ጋ ደርሳ፣

«ይሄ ልጅ ሰው ሁሉ ለብሶ ቆሞ፣ እሱ በስሊፐር ነው እንዴ የወጣው?»

ቤት ውስጥ ነበር እኮ። ስሊፐር ነው ያደረገው። ሦስት ቀን ስቆርጠው፣ አራት ማታ ሥሩን ስስል፣ አንዴም አላየሁትም።

ጫማ ለመቀየር ምን ትመክሩኛላችሁ?


ካሜራ_ጀርባ

ከአክስትሽ ባል ተበደሪ።